የሕፃኑ ፓስፖርት ወጥቷል፤ ይበቃል ወይ?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጻፈው ጥያቄ አጭር ነበር። አንዲት እናት የአምስት ወር ልጇን ይዛ ከአገር ልትወጣ ነው። የልጁ ፓስፖርት በእጇ ነው፤ ትኬትም ተቆርጧል። አባትየው ሥራ ስላለበት አብሯት አይሄድም። አንዷ ጓደኛዋ ፓስፖርት ካለው ሌላ ምንም አያስፈልግሽም ብላታለች። ሌላዋ ደግሞ ያለ አባቱ ፈቃድ ከኤርፖርት ነው የምትመለሺው ብላ አስደንግጣታለች። እና ማንን ልስማ ነው ነገሩ። ወዴት እንደምትሄድ ግን አልጻፈችም። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተቀጣጠለው የመልስ ሰንሰለት፣ እንዲህ የተንዛዛውም ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው፤ መላሹ ሁሉ የሚያውቀውን አገር ይዞ ብቅ አለ።

መልሶቹን ከላይ እስከ ታች አንብቤያቸዋለሁ። አንድ ነገር ደጋግመው የሚሉ ስላሉ እዚህ በራሴ አባባል እተርካቸዋለሁ፤ ጸሐፊዎቹን በመልሳቸው ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆም እላለሁ፤ አንዳንዱን ዘልዬው አልፋለሁ።

ቁጥር 1 እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጀመረና የልጁን ዜግነት፣ በየት በኩል እንደምታልፍና የእሷና የልጁ የመጨረሻ ስም ይመሳሰል እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄዎች ነበሩ። ልብ ያላቸው ግን አልነበረም። ቁጥር 2 ወዲያው ገብቶ ሕፃን በእናቱ ፓስፖርት ላይ ይመዘገባል እንጂ የራሱ አያስፈልገውም አለ። እሱ ልጅ ሳለ እንደዚያ ነው የተጓዘው።

ቁጥር 3 በትሕትና አረመው። ድሮ ልክ ነው፤ አሁን ግን አሠራሩ ለአንድ ሰው አንድ ፓስፖርት ነው። ደረጃውን ያወጣው ኢካኦ፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ምክንያቱንም አብራራ። በፎቶው ገጽ ግርጌ ላይ ያሉት፣ በፊደልና በቀስት ምልክት የታጨቁት ሁለት መስመሮች የአንድ ሰው መረጃ ብቻ ነው የሚይዙት። ሕፃኑ እናቱ ፓስፖርት ላይ በእጅ ቢጻፍ ማሽኑ አያየውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓስፖርትም እ.ኤ.አ. ከጁን 26 ቀን 2012 ጀምሮ ድሮ በወላጅ ፓስፖርት ላይ የተጻፈ የልጅ ስም ለልጁ አያገለግልም። ቁጥር 2 ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ። በዚህ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይታይም።

ቁጥር 4 ፓስፖርት የሚለውን ቃል ሲያይ ፎቶው ትዝ አለው። የልጁ ፎቶ ተመልሶበታል፤ ከአንገቱ ሥር የእናቱ ጣት ታይቶ ነው። ቁጥር 5 መላውን ነገረው። ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ይነጠፋል። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል። አንድ ሰው ከላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያነሣዋል፤ ብርሃኑ ከመስኮት ቢመጣ ይሻላል፣ የአንሺው ጥላ ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ ግን መጠንቀቅ ነው። ጡጦ፣ አሻንጉሊት፣ ሌላ ሰው ፎቶው ውስጥ አይገባም። ከዚያ እስኪነቃ መጠበቅ ነው አለ፤ ነቅቶም ካሜራውን እስኪያይ፣ አይቶም እስካላለቀሰ ድረስ። ቁጥር 6 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ዓይን መክፈት ግዴታ እንዳልሆነ፣ ጭንቅላቱን ደግፎ መያዝም እንደሚቻል፣ እጁ አይታይ እንጂ፣ ጻፈች። ቁጥር 7 ስለ ፎቶ ሌላ ክር አለ ብሎ ተቆጣና ወጣ።

ቁጥር 8 ከዚህ በፊት ቼክኢን ላይ ትሠራ የነበረች ናት። ከክሩ ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው የእሷ መልስ ነው። ሰው ድንበር የሚጀምረው ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ይመስለዋል አለች። የመጀመሪያው ድንበር ግን ሻንጣ የሚመዘንበት ባንኮኒ ነው። አየር መንገዶች የሚጠቀሙበት ቲማቲክ የሚባል የመረጃ ቋት አለ። ዜግነት፣ የሰነዱ ዓይነት፣ መድረሻና መሸጋገሪያ ሲገባለት ለዚያ ተጓዥ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ያወጣል። ሕፃኑ በእቅፍ ቢሄድም ለብቻው ነው የሚታየው፤ ወንበር የለውም ማለት ወረቀት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ወረቀት የጎደለውን ሰው ጭኖ የሄደ አየር መንገድ ይቀጣል፤ መልሶ የማምጣቱም ጣጣ የራሱ ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ጋ ያለችው ሠራተኛ አንጀቷ ቢበላም አታሳልፍም።

ቀጥላም ዋናውን ቋጠሮ ፈታችው። ፓስፖርቱ ልጁ ማን እንደሆነ ይናገራል። የማን ልጅ እንደሆነ ግን በብዙ አገሮች ፓስፖርት ላይ አይጻፍም። ያንን የሚናገረው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። ሌላኛው ወላጅ መስማማቱን ደግሞ ሁለቱም አይናገሩም፤ ለዚያ ሦስተኛ ወረቀት ያስፈልጋል። ሰዎች ፓስፖርትና ቪዛውን አንጠልጥለው ይመጡና የልደት ወረቀቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ወይም አምጥተውታል፣ ግን ሻንጣ ውስጥ ከተውታል፤ ሻንጣው ደግሞ በቀበቶው ሄዷል። እኔ የምጨምረው ነገር የለኝም፤ ጠያቂዋ እዚህ ላይ ማንበብ ብታቆም እንኳ በቂዋን አግኝታ ነበር።

ቁጥር 9 ይህንን በራሷ ታሪክ ደገፈችው። የእሷና የልጇ የመጨረሻ ስም አይገናኝም። እንግሊዝ ስትገባ የኢሚግሬሽኑ ሰው ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ይዞ ዝም ብሎ ቆየና ልጁ ምንሽ ነው ብሎ ጠየቃት። የልደት ወረቀቱን አሳየችው፣ አለቀ። ከፍ ያለ ልጅ ቢሆን ልጁን ራሱን ይጠይቁታል፤ ማን ናት፣ የት ነው የምትሄዱት እያሉ። የአምስት ወር ልጅ ምን ይመልሳል? ወረቀቱ ነው የሚመልስለት። ያ ሰውዬ ክፉ አልነበረም አለች፤ እንዲያውም ጠየቀኝ ብዬ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ቁጥር 10 የስምምነት ደብዳቤውን ነገር ዘረዘረው። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው የሚመስለው። ደብዳቤው ላይ የልጁ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥር ይገባል። ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ወዴት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት እንደሚያርፍ ይጻፋል። የማይሄደው ወላጅ ስልኩን አስፍሮ ይፈርማል፤ ስልኩ የሚነሣ ስልክ ይሁን፣ አንዳንዴ ይደውላሉ። ፊርማው ኖተሪ፣ ማለትም ሰነድ አረጋጋጭ፣ ፊት ቢሆን ነው የሚታመነው፤ በቤት የተጻፈ ወረቀትማ ማንም ይጽፈዋል። የፈራሚው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ቅጂ ይያያዛል። የመድረሻው አገር ባለሥልጣን የማያነበው ቋንቋ ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ይጨመርበታል። አንዳንዱ አገር አፖስቲል የሚባለውን ማኅተም ይፈልጋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ በተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው፤ በስምምነቱ ውስጥ ያሉ አገሮች አንዱ የሌላውን ሰነድ ያለ ኤምባሲ ምልልስ እንዲቀበሉ ያደርጋል። ስምምነቱ ውስጥ ከሌለ አገር የወጣ ወረቀት ግን በውጭ ጉዳይና በቆንስላ በኩል ነው የሚረጋገጠው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይበላል።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ቁጥር 11 ሚስቴ ከልጃችን ጋር ብዙ ጊዜ ወጥታለች፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም፣ ሰው አታስፈራሩ አለ። ቁጥር 12 አንተን ፖሊስ አላስቆመህም ማለት የትራፊክ ሕግ የለም ማለት አይደለም ብሎ ቆንጠጥ አደረገው። ቁጥር 13 ላይ ግን ነገሩ ጋለ። አንዲት ሴት ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ የማሳድገው እኔ፣ ገና ሲወለድ ጥሎ የጠፋ ሰው ፊርማ ፍለጋ ልዙር ወይ አለች። ደብዳቤውን የእናቶች ውርደት ነው ብላዋለች። ብዙ ሰው ደገፋት።

ቁጥር 14 አባት ነው። ልጁ ያለ እሱ ዕውቀት ወደ ሌላ አገር ተወስዶበታል። አልተሳደበም፤ ግን አጻጻፉ ያማል። ይህ ወረቀት የመጣው እናቶችን ለማዋረድ ሳይሆን እንደ እሱ ላለው ሰው ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን የሄግ ስምምነት ጠቀሰ፤ በአንዱ ወላጅ ያለ አግባብ ከአገር የወጣ ልጅ ወደሚኖርበት አገር ቶሎ እንዲመለስ የሚያደርግ ነው። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ገብተውበታል። የሱ ልጅ የሄደበት አገር ግን አልገባበትም። ስለዚህ ለእሱ ብቸኛው መከላከያ ያኔ በሩ ላይ የሚጠየቅ አንድ ወረቀት ነበር። ማንም አልጠየቀም።

ቁጥር 15 ለዚህ ሰው የመለሰው ነገር ተሰርዟል። ቁጥር 16 የመድረኩ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ትዳር ፍርድ ቤት እንጂ እዚህ አይዳኝም ብለው ክሩን ወደ ጉዳዩ መለሱት። በእኔ እይታ ቁጥር 13ም ቁጥር 14ም ልክ ናቸው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ሊያስተናግድ ስለሚሞክር ነው አንዱን የሚያስከፋው።

ለቁጥር 13 ቁምነገር ያለው መልስ የሰጠችው ቁጥር 17 ናት። ብቻዋን የምታሳድግ እናት የጠፋውን ሰው ፊርማ መለመን የለባትም አለች። የልደት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው። የማሳደግ መብቱ ለእሷ ብቻ የተሰጠ ከሆነ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ትይዛለች። አባትየው ሞቶ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት። ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለ ግን የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ ከባዱ እሱ ነው፤ ከትኬት በፊት ፍርድ ቤት መሄድ ይሻላል። ቁጥር 13 መልሳ አልጻፈችም፤ አመሰግናለሁ የሚለውን ምልክት ግን ተጭናለች።

ጠያቂዋ ብቅ ያለችው ቁጥር 18 ላይ ነው። ባሏ እንደሚፈርም ገለጸችና ደብዳቤውን የሚጠይቀኝ የምወጣበት አገር ነው ወይስ የምገባበት ብላ ጠየቀች። ቁጥር 19 ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ አለና ምሳሌ ሰጠ። ብራዚል የምትጠይቀው ስትወጪ ነው፤ ብራዚላዊ ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ ከአገር ሲወጣ የሌላኛው ወላጅ የተረጋገጠ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የሁለቱንም ወላጆች ስም የያዘ ሙሉ የልደት ምስክር ወረቀት ካላሳየህ ልጅ ይዘህ አትገባም አለች፤ ብዙ ቤተሰብ ባንኮኒ ላይ ቀረ፣ የቱሪዝም ሰዎች ጮኹ፣ በ2019 ከወላጆቻቸው ጋር ለሚመጡ የውጭ አገር ልጆች አላላችው። ካናዳ ደግሞ ደብዳቤውን በሕግ አታስገድድም፤ ግን ያዙ ትላለች፣ የድንበር ሠራተኛውም ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥር 20 ስለዚህ የአንዱን አገር ልምድ ለሌላው አታውሱ አለ፤ ይህንን ለቁጥር 11 እንደወረወረው ግልጽ ነው። ቁጥር 11ም ገባውና መለሰለት። እሱን እንለፈው።

ከቁጥር 22 እስከ 26 ክሩ ሙሉ በሙሉ ሳተ። አንዱ አውሮፕላን ላይ የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱን ከየት ያወጣል ብሎ ጠየቀ። ሌላው ዕድሜ ልኩን በነፃ ይበራል አለ፤ ይህ እንደ ሕግ የሌለ ነገር ነው። ሦስተኛው ከበላዩ ሲያልፍ የነበረው አገር ዜጋ ይሆናል አለ። ቁጥር 25 ሁለቱንም አስቆማቸው። አብዛኛው ሕፃን ዜግነቱን ከወላጁ ይወርሳል። ቦታው ላይ በመወለድ ብቻ ዜግነት የሚሰጡ እንደ አሜሪካና ካናዳ ያሉ አገሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን አይሰጡም። አገር አልባ ሰዎች እንዲቀንሱ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ስምምነት ደግሞ በስምምነቱ ዓላማ ሲታይ አውሮፕላን ላይ የተወለደ ልጅ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ጥያቄው ከርዕስ የወጣ ነው፤ መልሱ ግን ጥሩ ነበር። ቁጥር 26 በነፃ የሚበር ሰው አውቃለሁ ብሎ ድርቅ አለ።

ቁጥር 27 የሁላችንንም ጆሮ ቆነጠጠች። ቁጥር 1 የጠየቀውን ዜግነት ማንም አልመለሰለትም አለች። ልጁ ሁለት ዜግነት ካለው የሚይዘው ፓስፖርት ይለያያል። አሜሪካዊ የሆነ ሕፃን አሜሪካ የሚገባው በአሜሪካ ፓስፖርት ነው፤ እናቱ በቪዛ ብትገባም። ቪዛ የሚያስፈልገው ሕፃን ደግሞ የራሱን ያወጣል፤ የእናቱ አይሸፍነውም። ለሸንገን፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክፍያ የለም፣ ከ12 ዓመት በታችም አሻራ አይሰጥም፤ ማመልከቻው ግን ይሞላለታል። አሜሪካ ያለ ቪዛ ከሚገቡ አገሮች የሚመጣ ሕፃንም ኢስታ የሚባለው ፈቃድ በስሙ ይወጣለታል። አንዳንድ ሰው ሕፃን ስለሆነ ብሎ ይተወዋል፤ ከዚያ ቁጥር 8 ያለችው ባንኮኒ ጋ ይደርሳል።

ቁጥር 28 በመኪና ከሆነስ አለ። በየብስ ድንበር አንዳንድ ቦታ ለየት ይላል። ለምሳሌ አሜሪካዊ የሆነ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ከካናዳ ወይም ከሜክሲኮ በመኪና ሲገባ የልደት ምስክር ወረቀቱ ይበቃዋል፤ በአውሮፕላን ሲሆን ግን ፓስፖርት ግድ ነው። ቁጥር 29 የፓስፖርቱን የማብቂያ ቀን ተመልከቱ አለ። የሕፃን ፓስፖርት ከትልቅ ሰው ቶሎ ያልቃል፤ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ለሚወጣ 5 ዓመት ነው። ብዙ አገር ደግሞ ገና ስድስት ወር የቀረው ካልሆነ አይቀበልም። የመጀመሪያው ልጅ ፓስፖርት ለሁለተኛው ልጅ ጉዞ ሲደርስ አልቆ ይገኛል፤ ማንም አይቶት አያውቅማ።

ቁጥር 30 ሐኪም ናት፣ ወይም እንደ ሐኪም ትጽፋለች። ቢጫ ወባ ያለበት አካባቢ ነክተሽ ከሆነ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የክትባቱ ማረጋገጫ፣ ሊጠየቅ ይችላል አለች። ክትባቱ ግን ከ9 ወር በታች ላለ ሕፃን በተለምዶ አይሰጥም። የጠያቂዋ ልጅ ገና አምስት ወሩ ነው። ስለዚህ ለምን እንዳልተከተበ የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ትያዝ፤ የምትሄድበት አገር በስንት ዓመቱ እንደሚጠይቅም ቀድማ ትወቅ። ይህንን ከዚያ በፊት ማንም አላነሣውም ነበር።

ቁጥር 31 ስለ ወተት፣ ቁጥር 32 ስለ ልጅ ጋሪ ነው። የሕፃን ወተት ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም በብዙ ኤርፖርቶች ያልፋል፤ ፍተሻው ላይ አውጥቶ ማሳየት ነው። ጋሪውን ዝለሉት፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሞዴል ተከራከሩ። አንድ ነገር ግን ጠቀመኝ። በእቅፍ የሚሄደው ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው፤ በጉዞው መሐል ሁለት ዓመት ከሞላው መመለሻው ላይ ወንበር ይገዛለታል።

ቁጥር 33 አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። አባትም እናትም ሳይሄዱ አያት ብትወስደውስ? እዚህ ላይ ሁሉም ተስማሙ፤ የሁለቱም ወላጆች ፊርማ ያስፈልጋል፣ ኖተሪ ፊት። ቁጥር 34 ደብዳቤው ላይ አያትየዋ ልጁን ሐኪም ቤት ማሳከም እንደምትችልም ይጻፍ ብላ ጨመረች። የምታውቃቸው ሰዎች ልጁ ታሞ ሆስፒታል ሲደርሱ ፈራሚ ወላጅ አምጡ ተብለው ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲያሯሩጡ አድረዋል።

ቁጥር 35 በየጉዞው ኖተሪ ጋ መመላለስ ሰልችቶኛል፣ ቀን የሌለው አንድ ደብዳቤ አጽፌ ልያዝ ወይ አለ። ቁጥር 10 ከረጅም ዝምታ በኋላ ተመልሶ አይሆንም አለው። መውጫና መመለሻ ቀን የሌለው ፈቃድ ልጁ ላይመለስ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነው የሚያስነሣው። በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብላችሁ አንዱን አጽፉ፤ የምትሄዱባቸውን አገሮች በስም ጥቀሱ፤ ሁለት ዋና ቅጂ አስወጡ፣ አንዱን ድንበር ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ።